በአራጣ የተበደሩት መልክ

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ማግሥት፣ ታላቅ እኅቴ ቤት ቡና ተጠርተን በተቀመጥንበት ሰዓት፣ ሥራ ከያዘች ገና ዓመት ያልሞላት የእኅቴ ልጅ አቦሉን በሲኒ ይዛ ወደ እኔ ጎንበስ ስትል፣ ዓይኔ ሳላዝዘው ከፊቷ ወደ እጇ ወረደ፣ ከእጇም ተመልሶ ወደ ፊቷ ወጣ። ያ የማውቀው ጠይም ፊት የለም፤ በምትኩ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ከውስጡ መብራት የበራበት የሚመስል ሌላ ፊት ተተክቷል። ሲኒውን የያዙት ጣቶች ግን አንጓቸው እንደ ተፈጠረበት፣ እንዲያውም ከድሮው ጠቆር ብሎ ቀርቷልና፣ ልጅቱ የማይተዋወቁ ሁለት ሠዓልያን ተካፍለው የሣሏት መስላ ታየችኝ።

የተሰበሰበው ዘመድ የሚያየው ፊቷን ብቻ ስለ ነበረ ምስጋናው ጎረፈ። አንደኛዋ «ደመወዝ ሲስማማ እንዲህ ነው» አለች፤ ሌላዋ «ምን ተቀብተሽ ነው፣ ለእኛም ንገሪን እንጂ» ብላ ጠየቀች፤ እኅቴም ከመጨረሻው ወሊዷ ጀምሮ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ የቀረባትን ማዲያት በጣቷ ጫፍ እየዳበሰች ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። ልጅቱ ከቦርሳዋ ሁለት ነገር አወጣች፤ አንዱ ገና ያልተነካ ቲዩብ ሲሆን ሁለተኛው ስምም ምልክትም ያልተጻፈበት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ፣ በውስጡም ወደ ቢጫ የሚያደላ ቅባት ነበር። «ይኼኛውን ሻጩ ራሱ ቀላቅሎ ነው የሚሰጠኝ» አለች፤ የእኔን ፊት አይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ፊቴን ነው» ስትል ጨመረችልኝ።

መነጽሬን አጥልቄ የቲዩቡን ጀርባ አነበብሁ። ጽሑፉ የባዕድ ቋንቋ፣ ፊደሉም ከጤፍ የማይበልጥ ነው፤ ቢሆንም «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ» የሚለውን ለይቼ ማውጣት ቻልሁ። ይህ ስም የመዋቢያ ስም አይደለም። በቆዳ ላይ ከሚቀቡት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት ወገን የሆነ፣ ሐኪም ለጠና ችፌና ለመሰል ደዌ፣ ያውም ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ የሚያዝዘው፣ ፊት ላይም እንዳይቀቡት የሚያስጠነቅቅበት መድኃኒት ነው። ልጅቱ ቀኑን ስትቆጥርልኝ፣ ጧትና ማታ ፊቷን ስትቀባው ሰባት ወር አልፏት ነበር።

በተከታዩ ቅዳሜ ወደ መርካቶ ወረድሁ። ኮስሞቲክስ የሚሸጥበት መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ሲሆን፣ ግራና ቀኙ ከወለል እስከ ጣራ በሳሙና፣ በሎሽን፣ በፓውደር፣ በሊፕስቲክና በሽቶ ተደርድሮ፣ ሽታው ተቀላቅሎ ገና ከሩቅ ይቀበላል። አንድ ትሑት ወጣት ሻጭ ሽበቴን አይቶ «አባባ፣ ለእማማ ነው?» ሲል ጠየቀኝና፣ ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥሮ ሸቀጡን በተርታ አቀረበልኝ። «ይኼ በሁለት ሳምንት ያጠራል፤ ይኼ በሦስት ቀን። ይኼኛው ትንሽ ይቆጠቁጣል፤ ካልቆጠቆጠ አልሠራም ማለት ነው። ሲልጣቸው እንዳይደነግጡ ይንገሯቸው፣ አሮጌው ቆዳ ነው የሚሄደው።»

ልጁ ሐሰተኛ አልነበረም፤ የሚናገረውን ያምናል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ባነበብሁ ቁጥር ወደዚያች ወደ «ካልቆጠቆጠ አልሠራም» እመለሳለሁ፤ የዚህ ንግድ ምስጢር በሙሉ በእርሷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛልና። ሌላው መርዝ አስቀድሞ ያሳምማል፣ ሰውም ከሕመሙ የተነሣ ይሸሸዋል። የመዋቢያ መርዝ ግን ጠባዩ የአራጣ አበዳሪ ጠባይ ነው፤ ገንዘቡን ፈገግ ብሎ፣ ያለ ዋስ፣ በዕለቱ ይቆጥርና፣ ወለዱን ለመሰብሰብ የሚመጣው ተበዳሪው በብድሩ ልብስ ገዝቶ፣ በዘመድ ፊት ተመስግኖ፣ ከተረሳሱ በኋላ ነው።

ቆዳን ሥጋ የተጠቀለለበት ከረጢት አድርገን የምናስብ ብዙዎች ነን። ነገር ግን ቆዳ በር ነው፤ የበሩም ስፋት በሰውነት ሁሉ ላይ እኩል አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን መድኃኒት በልዩ ልዩ የአካል ክፍል ቀብተው ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን ሲለኩ፣ በክንድ ከሚገባው ይልቅ በግንባር 6 እጥፍ፣ በመንጋጋ ማዕዘን በኩል ደግሞ 13 እጥፍ እንደሚገባ አገኙ። ሰው መልኩን ለማሳመር የሚቀባው ክንዱን ሳይሆን ፊቱን ነውና፣ የሚያምረውን ነገር ሁሉ የምናስገባው በሰፊው በር ነው ማለት ነው።

ያ የቲዩብ ቅባት ፊቷን ያፈካው እንዴት ነው? ስቴሮይድ የቆዳን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያኮማትራል፤ ደም ሲሸሽ መልክ ይገረጣል፣ ብጉርም ቁጣም ይበርዳል፣ ፊትም እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ይላል። ይህ ብድሩ ነው። ውሎ ሲያድር ቆዳን ደግፎ የያዘው መረብ እየሳሳ ሄዶ ሌጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይቀጥናል፣ የደም ሥሮቹ እንደ ቀይ ክር ወደ ላይ ይወጣሉ፣ በጭንና በብብት ሸንተረር ይሠመራል። ከሁሉ የከፋው ግን ቅባቱን ባቆሙ በጥቂት ቀን ውስጥ የተኮማተሩት ሥሮች በአንድ ጊዜ መከፈታቸው ነው፤ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሴትዮዋም «ስተወው ነው የታመምሁት» ብላ ወደ ቲዩቡ ትመለሳለች። ባለ ዕዳ ዕዳውን ለመክፈል ከዚያው ሰው ዘንድ እንደሚበደረው ማለት ነው።

ስም የለሹ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። በዓለም ገበያ እንዲህ ካሉት ማጥሪያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ተመርምሮ የሚገኘው አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ ዛሬ ሜርኩሪ የምንለው ብረት ነው። የቆዳችን ኅብር የሚመጣው ሜላኒን ከሚባለው ቀለም ሲሆን፣ ይህም ቀለም ፈጣሪ ለደጋው ሰው ፀሐይን እንዲቋቋምበት የሰጠው ጥላ ነው። ሜላኒንን የሚሠራው ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ባዜቃ ይህን ሠራተኛ እጁን ይይዘዋል፤ ሠራተኛው ሲቆም ቀለሙ ይነጥፋል። ባዜቃው ግን በቆዳ ላይ አይቀርም። ወደ ደም ይገባል፣ ከደምም በኩላሊት ይከማቻል፤ የኩላሊት ወንፊት ሲበሳ በደም ውስጥ መቅረት የሚገባው ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፣ ሽንት አረፋ ይሠራል፣ እግርና ፊት ያብጣል። በ1972 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ የነበሩ ሐኪሞች በዚህ ደዌ የተያዙ ስልሳ አዋቂ ሕሙማንን መርምረው ሲያበቁ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ባዜቃ ያለበት የማጥሪያ ክሬም ተጠቃሚዎች መሆናቸውን ጽፈዋል። ፊት እንዲጠራ የተቀባ ክሬም ኩላሊትን ማሳመሙን ከዚያ በፊት የጠረጠረ ሕመምተኛ ምናልባት አልነበረም፤ በመስታወት የሚታየው ፊት እንጂ ኩላሊት አይደለምና።

በጃፓን አገር አንድ ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ባዜቃ ብዙ ሰው በታመመባትና በሞተባት በሚናማታ ከተማ ስም የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2013 እ.ኤ.አ. ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ሲውል፣ በመዋቢያ ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ፣ ማለትም በአንድ ቶን ክሬም ውስጥ ከአንድ ግራም የሚበልጥ ባዜቃ እንዳይኖር ደንግጎ ነበር፤ በ2023 የተሰበሰቡት አባል መንግሥታትም ያችን አንዲት ግራም እንኳ አንሥተው በመዋቢያ ውስጥ ጨርሶ እንዳይጨመር ወሰኑ። ሕጉ እንዲህ ሲሆን ገበያው እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የካሊፎርኒያውን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. በሳክራሜንቶ ከተማ የ47 ዓመት ሴት እጇ ደንዝዞ፣ አንደበቷ ተሳስሮ፣ ሚዛኗን ስታ ሆስፒታል ገባችና ጥቂት ቆይታ ራሷን ሳተች። ከሜክሲኮ የመጣው የፊት ክሬሟ ሲመረመር ከሚሊዮን 12,000 እጅ ባዜቃ፣ ያውም አንጎልን የሚያጠቃው ዓይነት ተገኘበት። እንዲህ ያለው ክሬም የሚጎዳው የሚቀባውን ብቻ አለመሆኑም በዚያችው አገር ታይቷል፤ በፎጣ፣ በትራስና በመዳሰስ እየተሸጋገረ ክሬም ነክቶ በማያውቅ የቤት ልጅ ሽንት ውስጥ ባዜቃ ተገኝቷል።

ሁለተኛው የታወቀ ማጥሪያ ሃይድሮኪኖን ነው፤ የዘመዱም ታሪክ የሚጀምረው ከመስታወት ፊት ሳይሆን ከቆዳ ፋብሪካ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ የቆዳ ማልፊያ ሠራተኞች እጃቸውና ክንዳቸው ዥንጉርጉር ሆኖ መንጣት ጀመረ። ሐኪሞች ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ ከተሰጣቸው የጎማ ጓንት ውስጥ ጎማው ቶሎ እንዳያረጅ የተጨመረ የሃይድሮኪኖን ዘመድ የሆነ ቅመም አገኙ። ሠራተኛው በእጁ ላይ የደረሰውን እንደ ጉዳት አይቶ አቤት ያለበትን ነገር፣ ነጋዴ እንደ ሸቀጥ አየው። በደቡብ አፍሪካ፣ መልክ የሰውን ማደሪያና ማለፊያ በሚወስንበት በዚያ በአፓርታይድ ዘመን፣ የሃይድሮኪኖን ክሬም በሰፊው ተሸጠ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ግን ፊንድሌይ የተባለ የፕሪቶሪያ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ለዓመታት በተቀቡት ሴቶች ጉንጭ ላይ ሰማያዊ ያለበት ጥቁረትና ሻካራ እብጠት መታየቱን አስታወቁ። ኦክሮኖሲስ ይሉታል፤ ለመንጣት የተቀቡት ቅባት ከውስጥ ያጠቆራቸው፣ ጥቁረቱም የማይለቅ ሆነ። መንግሥቱ ማጥሪያዎችን በሕግ የከለከለው ከ15 ዓመት በኋላ በ1990 ነው።

የጥንቱ መዋቢያ ንጹሕ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ ኩልን ያስታውስ። ኩል በቅዱስ መጽሐፍ የታወቀ ነው፤ ኤልዛቤል ኢዩ ወደ ኢይዝራኤል መግባቱን በሰማች ጊዜ ዓይኗን ተኩላ በመስኮት ታይታለች፤ ጻድቁ ኢዮብም ከመከራው በኋላ ከወለዳቸው ሦስት ሴቶች ልጆች ሦስተኛይቱ በዕብራይስጡ ንባብ ስሟ «የኩል ቀንድ» ማለት ነው። ለኩል የሚወቀጠው ድንጋይ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ የአንቲሞን፣ አንዳንዱ የእርሳስ ማዕድን ነው፤ ሁለቱም ጥቁርና አብረቅራቂ ስለሆኑ በዓይን መለየት ያስቸግራል። በእስያና በመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ ከሚሸጠው ኩል ከግማሹ በላይ እርሳስ የሆነ ተገኝቷል፤ ለሕፃን አእምሮ ደግሞ ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይሁንና በ2010 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያን ኬሚስቶች በሉቭር ቤተ መዘክር የተጠበቀውን የጥንት ግብፃውያን ኩል ሲመረምሩ፣ ግብፃውያኑ ሆነ ብለው ቀምመው የሠሩት የእርሳስ ጨው በጥቂቱ ሲሆን ሕዋሳትን አነቃቅቶ ዓይንን ከተላላፊ ሕመም ሊከላከል ይችል እንደ ነበረ የሚያመለክት ነገር አገኙ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ተደንቄአለሁ፤ የአራጣው ብድር አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ገንዘብ መሆኑን አሳይቶኛልና።

ዓይን ካነሣን፣ የዛሬው የአሜሪካ የመዋቢያ ሕግ የተወለደው ከዓይን ጉዳት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1933 እ.ኤ.አ. ላሽ ሉር በሚባል የሽፋሽፍት ማጥቆሪያ ዓይኗ የጠፋ ሴት ነበረች፤ በውስጡ የነበረው ፓራፌኒሌንዲያሚን የሚባለው ቀለም ነው። የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ሸቀጡን ከገበያ ሊያነሣው ፈለገ፣ ሆኖም የ1906 ሕግ ስለ መዋቢያ አንድ ቃል ስላልነበረው አልቻለም፤ እንግዲህ ያደረገው የሴትዮዋን የቀድሞና የኋላ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሰቅሎ ለሕዝብ ማሳየት ነበር። ጋዜጠኞች ያን ትርኢት «የአሜሪካ የሰቆቃ ክፍል» አሉት። መዋቢያን የሚጨምር አዲስ ሕግ ወጥቶ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት የፈረመበት በሰኔ 1938 ሲሆን፣ በአዲሱ ሕግ መጀመሪያ የተወረሰው ሸቀጥም ያው ላሽ ሉር ነበር። ነገር ግን ያ ሕግ ባለፋብሪካው ከመሸጡ አስቀድሞ ደኅንነቱን እንዲያስመሰክር አላስገደደውም፤ መሥሪያ ቤቱም ጎጂ መዋቢያ ከገበያ እንዲሰበሰብ በራሱ ሥልጣን የሚያዝዝበት ሕግ የወጣለት እስከ ታኅሣሥ 2022 ድረስ፣ ሰማንያ አራት ዓመት ከጠበቀ በኋላ ነው። ቀለሙስ? ዛሬም በጸጉር ማጥቆሪያ ውስጥ በልክ አለ፤ በየሠርጉ ሂናው ቶሎ እንዲጠቁር የሚጨምሩትም እርሱን ነው፤ እጅ ላይ የተሣለው አበባ በማግሥቱ አብጦ ውኃ የሚቋጥረው ስለዚህ ነው።

ስለ ጸጉር ብዙ ማለት ይቻል ነበር፣ ግን በአጭሩ ልለፈው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ጸጉር ማለስለሻ የተጠቀሙት እስከ 70 ዓመታቸው የማኅፀን ነቀርሳ ሊይዛቸው የሚችልበት መጠን በመቶ 4.05፣ ፈጽሞ ያልተጠቀሙት ደግሞ 1.64 መሆኑን ገምቷል። ጥናቱ መንሥኤውን አልቆረጠም፣ ቁጥሩም ከመቶ ጥቂት ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጨምርበትም። ከአንዳንዱ ማለስለሻ በካውያ ሲተኮስ የሚወጣው እንፋሎት ግን ፎርማልዲሃይድ፣ ማለት ሬሳ እንዳይፈርስ የሚነከርበት የፎርማሊን መሠረት ነው፤ ደንበኛዋ ለሁለት ሰዓት ስትተነፍሰው ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ ትተነፍሰዋለች። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ካሉት ከእነዚያ ሠሪዎች መካከል የእኛ ልጆች አሉ።

«እንግዲያው ወደ ተፈጥሮው እንመለስ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ ቅቤው፣ እንሶስላው፣ ወይባው ምን ጎደለው ይባላል። እኔም የእናቴ የለጋ ቅቤ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ ያልጠፋ ሰው ነኝ። ግን «ከተፈጥሮ የተገኘ» የሚለው ጽሑፍ ምስክር አይሆንም፤ ለዚህም የእኛው እንዶድ ይበቃል። በ1964 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በዓድዋ ከወንዝ ዳር ቆሞ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ ሲንሳፈፍ አየ፤ ከዚያም ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለመግደል እንዶድ እንደሚረዳ አሳወቀ። ነጠላን የሚያነጣው ያው ፍሬ በውኃው ውስጥ ያለውን ነፍስ ይገድላል። ፍሬው ምን እንደሚያደርግ የታወቀው ልብሱን ብቻ ሳይሆን ወንዙን ዝቅ ብሎ የተመለከተ ሰው በመገኘቱ ነው። የእርሳስ ድንጋይም፣ ባዜቃም ከምድር የተቆፈሩ የተፈጥሮ ልጆች ናቸው።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን መልክእ ሲደገም የምሰማበት ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ደራሲው ከጸጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር የቅዱሱን እያንዳንዱን ብልት በየስሙ «ሰላም» እያለ ይሳለማል እንጂ ይህኛው ይጥራልኝ፣ ያኛው ይቅላልኝ አይልም። ይህን ለእኅቴ ልጅ ብነግራት፣ «ጋሼ፣ መልክእ የተደገመላቸው ሥራ ፈልገው አያውቁም» ትለኛለች ብዬ ፈራሁና ተውሁት። እውነቷን ነው። ቅጥር ሲወጣ ቁመናና መልክ በሚታይበት፣ በቴሌቪዥን ጠይሟ እንኳ በመብራትና በፓውደር ቀልታ በምትታይበት ዘመን፣ ከጤፍ ያነሰ የባዕድ ፊደል አንብባ ራሷን እንድትጠብቅ ለአንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ፍርዱን መተው ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም። የሚያስመጣውም፣ የሚፈቅደውም፣ የሚቀላቅለውም እያለ የተጠየቀችው የተቀባችው ናት።

ነገሩን በሰኔ ነገርኋት፤ ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ኋላም ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ቲዩቡን እንድትተው፣ ፊቷ እስኪመለስም ወራት እንደሚፈጅ፣ እስከዚያው ብዙ እንደምትፈተን አስረድቷት ነበር። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ቀን እኅቴ ቤት ስገባ፣ ልጅቱ ቡናውን ለማፍላት ከከሰሉ ፊት አልተቀመጠችም፤ የምድጃው ወላፈን ፊቷን ያቃጥላታልና ከመስኮቱ ሥር ርቃ ተቀምጣለች። ጉንጯ ደም መስሏል፣ በአገጯ ዙሪያ ደቃቅ ብጉር ወጥቷል። ዘመድ የነበረውን ምስጋና ረስቶ «ምን ነካት?» ይላል። እርሷ ግን «ጥዬዋለሁ ጋሼ፣ ዳግመኛ አልነካውም» አለችኝ፤ ቃሏን አመንሁ።

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ እጄን ልታጠብ ወደ መታጠቢያው ቤት ገባሁ። ከመስታወቱ ሥር፣ ከጥርስ ብሩሾቹ ኋላ፣ በፋሲካ ማግሥት ገና ያልተነካ ሆኖ ያየሁት ቲዩብ ነበር፤ ከጅራቱ እስከ አንገቱ ድረስ በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። ዘወር ስል እኅቴ ፎጣ ይዛልኝ በሩ ላይ ቆማለች፤ ማዲያቷ የለም፣ ጉንጯ ጥርት ብሏል።